የሃሊማ ድስት

ቡታጅራ ውስጥ ሃሊማን የማያውቅ ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ ወጥ ጨው በዝቶበት አያውቅም። በዚያ ሰፈር ወጥ ጨው የበዛበት፣ ወተት የገነፈለበት፣ ባቄላ የነቀዘበት ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሷ ነበር። «ድንች ልጠሽ ክተቺበት፣ ጨውን እሱ ይጠጣልሻል» ትላለች። «የወተቱ ድስት አፍ ላይ የእንጨት ማንኪያ አጋድሚ፣ አይገነፍልም።» «ከባቄላው ጋር ደረቅ በርበሬ ከነዛላው ቅበሪ፣ ነቀዝ ዝር አይልም።» ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ረጋ ብላ አትመክርም፤ ተቆጥታ ነው። ከቤቷ የሚወጣ ሰው ተገርፎ የወጣ ይመስላል። ግን ወጡ ይድናል፤ ስለዚህ በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል።

ይቺው ሃሊማ በዚያ ዘመን «ሞዴል ቤተሰብ» ተባለች። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ቤት ለቤት እየዞረች ሽንት ቤት አስቆፍራ፣ የዕቃ መደርደሪያ አሠርታ፣ እጅና ሳህን በሳሙና ማጠብ አስተምራ ስትጨርስ ቀበሌው ሰብስቦ አስመረቃቸው። ሃሊማ የምስክር ወረቀቷን በመስተዋት አስገጥማ ከካዕባው ሥዕል ጎን ሰቀለችው። ወዲያው ደግሞ የአንድ ለአምስት መሪ ሆነች። እንግዲህ ያለ ሥልጣን ያን ያህል ትቆጣ የነበረች ሴት ሥልጣን ሲጨመርላት ምን እንደምትሆን እናንተው ገምቱት። «በእኔ ቤት ሳሙና ያልነካው ዕቃ የለም!» እያለች ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስታ ታሳያለች። ጎረቤቶቿም ሰሙ፣ አደረጉም፤ እሷን አለመስማት አይቻልማ።

ጉዱ የመጣው በዊጆ ነው። ዊጆን የማታውቁ የቅቤ እቁብ በሉት። ላም ያላቸው ሴቶች ይሰባሰቡና በየተራው ለአንዷ ቅቤ ያዋጣሉ፤ ተራው የደረሳት በአንድ ጊዜ ድስት ሙሉ ቅቤ ታገኝና አንጥራ ለበዓሏ ታደርሳለች። ፊርማ የለበት፣ ዳኛ የለበት፤ መተማመን ብቻ ነው። ስለዚህ በዊጆ ቅቤ አጭበረበረች የተባለች ሴት አለቀላት።

አምና የሃሊማ ተራ ከታላቁ ዒድ ጋር ገጠመ። የባሏ የሰይዶ ወንድሞች ከነሚስቶቻቸው ከአዲስ አበባ መጥተው፣ ክትፎው በየጣባው ቀረበላቸው። ታላቅየው አንዴ ጎረሰና ማላመጡን አቆመ። «ሃሊማ፣ ይሄን ቅቤ ምን ነክቶት ነው? ሳሙና ሳሙና ይላል» አለ። ሌሎቹም ቀመሱና እጃቸውን ሰበሰቡ። ሃሊማ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር። የሞዴሉ ወረቀት ከግድግዳው ላይ ቁልቁል ያያታል፣ እንግዶቿ ደግሞ ክትፎውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ቆጮውን ባዶውን ይበላሉ።

ሳሙናውን ማን አስገባው? ለሃሊማ ይሄ ጥያቄም አልነበረም። ከዊጆው ሴቶች መሀል ሰፍያ የሆቴል አንሶላ አጣቢ ናት፤ ቀኑን ሙሉ እጇ ከሳሙና አይወጣም። ሁለቱ አብሮ አደግ ናቸው፤ አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ገንፎ ያገነፋችላት። ሃሊማ ግን ስትናደድ አብሮ አደግ አታውቅም። ሴቶቹ በተሰበሰቡበት ጣቷን ቀስራ፣ ድምጿ መንገድ ላይ እስኪሰማ፣ «እጅሽን ሳትለቃለቂ ቅቤ የምታወጪ ቆሻሻ! ወይስ እንዲበዛልሽ ብለሽ ነው የደባለቅሽው?» አለቻት።

«ወላሂ! ወላሂ አላደረግኩም!» ብላ ማለች ሰፍያ። ማን ሰማት? የዊጆው ታላቅ እቴቴ ሰልሚያ እንኳ፣ «በይ ልጄ፣ ለጊዜው አንቺ ብትቀሪ ይሻላል» አሉ። ሰፍያ ቅሏን አንስታ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ መንገድ ላይ ሲተያዩ አንዷ ወደ ማዶ ትሻገራለች።

ሃሊማም ትልቁን የሸክላ ድስቷን «የሰፍያ ጉድ ይልቀቀው» ብላ በዱቄት ሳሙና ዘፍዝፋ አሳደረችው። ጠዋት አጠበችው፣ ደግማ አጠበችውና ለከርሞ ሰቀለችው።

ዓመቱ ዞረ። ሴቶቹ አምና የደረሰባትን ውርደት አስበው የዘንድሮውንም የዒድ ተራ ለእሷ ተውላት። ሰይዶ ደግሞ፣ ዝም ቢል ምን ነበረበት፣ «ሃሊማ፣ ዘንድሮ ወንድሞቼ ገና ከበር ሲገቡ የሚያሸቱት ቅቤውን ነው» አላት። ለቀልድ ነው ያለው፤ እሷን ግን እንቅልፍ ነሳት።

ቅቤው በእንሰት ቅጠል እየተጠቀለለ ጠዋት መጣ። ሃሊማ እያንዳንዱን ጥቅል ፈትታ አሸተተች፣ በጣቷ ነክታ ቀመሰች። ንጹሕ ነው። ልጇ ሩፋይዳ ኮረሪማውን ወቀጠች፣ ኮሰረቱን ለቀመች። ድስቱ ከተሰቀለበት ወረደና እሳቱ ላይ ተጣደ።

«ቅቤ ጥድፊያ አይወድም» አለች ሃሊማ ለልጇ። «እሳቱን ቀንሺ። መጀመሪያ ይቀልጣል፣ ከዚያ አረፋ ያነሳል፣ ከዚያ አረፋው ይተኛና ወለል ብሎ ይጠራል። ሳይጠራ ቅመም የምትጨምር ሴት መጀመሪያውኑ ባል ምን ያደርግላታል!»

ሩፋይዳ ሳቀች። ቅቤው ቀለጠ። አረፋ አነሳ። አረፋው ግን አልተኛም። ወፈረ፣ ነጣ፣ የድስቱን አፍ ሞላና አልፎ እሳቱ ላይ ተንጫጫ። ሃሊማ በጭልፋ ገፈፈችው፤ ተመልሶ መጣ። ደግማ ገፈፈችው፤ ተመልሶ መጣ። ጎንበስ ብላ አሸተተች።

ክው አለች።

«ያ አላህ!» ጭልፋው ከእጇ ወደቀ። «ሩፋይዳ! ነይ አሽቺልኝ፤ የተበላሸው አፍንጫዬ ነው በይኝ!»

ሩፋይዳ አሸተተችና ወደ ኋላ አፈገፈገች። «ሳሙና ነው እማ።»

ሃሊማ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች፣ ለቅሶ ቤት የገባች ይመስል። «ኧረ ጉድ! ኧረ ምን ዓይነት መዓት ነው! አሁን ለእነዚያ ሰዎች ምን ላቀርብ ነው? ማናት? የትኛዋ ናት እንደገና የሠራችኝ?»

«እማ» አለች ሩፋይዳ ቀስ ብላ፣ «ሰፍያ ዘንድሮ የለችበትም እኮ።»

ሃሊማ ልጇን አፍጥጣ አየቻት። ሰፍያ ከሌለችበት፣ ወይ ሌላ አጭበርባሪ አለች፣ ወይ ደግሞ አምናም ሰፍያ አልነበረችም። ሁለተኛውን ሐሳብ ልትሰማው አልፈለገችም፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ያዘች። «ሌላ ናት!» ብላ ጮኸች። «ዛሬ ካላገኘኋት ሃሊማ አይደለሁም!»

መፈተሻውን ታውቃለች፤ ስንቱን የገበያ ቅቤ ስትፈትሽ ኖራለች። ቅጠሎቹ ላይ ከቀረው ቅቤ ጠራርጋ በየቡና ስኒው ጨመረች፤ ስኒዎቹን የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀመጠች። ያልሆነ ነገር የተቀላቀለበት ቅቤ ሲቀልጥ ከታች ይዘቅጣል፣ ወይ ይደፈርሳል። ከስኒዎቹ ፊት ቁጢጥ ብላ፣ ወንጀለኛዋ ከስኒው ብድግ የምትል ይመስል ጠበቀች።

የእቴቴ ሰልሚያ ቅቤ ቀለጠና ጠራ። የልብስ ሰፊው የከድሮ ሚስት ቅቤ ጠራ። የሌሎቹም ጠራ። የስኒዎቹ ቂጥ ወለል ብሎ ይታያል። ሃሊማ አንድ በአንድ ቀመሰች፤ የሳሙና ሽታ የለ፣ ምሬት የለ፤ ቅቤ፣ ቅቤ፣ ቅቤ።

«ታዲያ ከየት መጣ?» አለች፤ ድምጿ እንደዚህ ሲያንስ ሩፋይዳ ሰምታ አታውቅም።

ድስቱ ውስጥ ያለውን ቅቤ በሌላ ዕቃ ገለበጠችው። ድስቱን በቃጫ አሸችው፤ የቀረው ነገር እንዲለቅ ብላ የቧንቧ ውሃ ሞልታ እሳቱ ላይ መለሰችው። ከዚያ ደጃፍ ላይ ወጥታ ቆመች፤ የማንን በር እንደምታንኳኳ ታሰላ ነበር። ስትመለስ ሩፋይዳ እሳቱ አጠገብ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች።

ውሃው አረፋ ደፍቋል።

ባዶ ውሃ! ቅቤ ያልገባበት፣ የማንም ሴት እጅ ያልነካው ውሃ ነጭ አረፋውን ቆልሎ በድስቱ አፍ እየፈሰሰ ነው። ቤቱ ልብስ ሲታጠብ የዋለበት ጓሮ ጓሮ ሸተተ። የሃሊማ ዓይን ከድስቱ ወደ መደርደሪያው ሄደ፤ የዱቄት ሳሙናው ፓኬት ከጣባዎቹ ጎን ተቀምጧል። ድንች ጨው ይጠጣል እያለች ስንቱን ስትመክር የኖረች ሴት፣ ሸክላ ሳሙና እንደሚጠጣ አንድ ቀን አላሰበችም። እናቷ ድስቷን በግራዋ ቅጠል ፈትጋ በወይራ ታጥነው ነበር፤ ሃሊማ ያንን «የድሮ ነገር» ብላ ትታዋለች። የኤክስቴንሽኗ ልጅ ራሷ «ሸክላውን ግን በፈላ ውሃ ብቻ» ብላ ነበር፤ ያን ጊዜ ሃሊማ አጠገቧ የተቀመጠችውን ሴት በመቆጣት ተጠምዳ ነበር።

«ድስቴ ነው» አለች። «ሩፋይዳ፣ ድስቴ ነው። አምናም ድስቴ ነበር።» በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ሰፍያስ?» አለች ሩፋይዳ።

ሃሊማ ነጠላዋን ሳታስተካክል ተነስታ ወጣች።

የሰፍያ ቤት ከወንዙ በላይ ነው። ሃሊማ ግቢው ስትገባ ሰፍያ አንሶላ ትጨምቃለች። ሃሊማ መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ በረቱን ስታይ ጠፋባት። በረቱ ውስጥ ላም የለም። ላሟ ትተኛበት የነበረው ቦታ ላይ ሳፋና የቆሻሻ አንሶላ ክምር ተቀምጧል።

«ሰፍያ፣ አሰላሙ አለይኩም። ላሚቱስ?»

«ወአለይኩም ሰላም። ሸጥኳት።»

«ለምን?»

ሰፍያ መጭመቋን አቆመች። «አንቺ ነሽ የምትጠይቂኝ? ‹ሳሙና የምትደባልቀዋ› የተባለች ሴት ቅቤ ማን ይገዛል? ለጎረቤት ሰጠሁ፣ መለሱልኝ። ገበያ ይዤ ወጣሁ፣ እዚያም ቀድሞኝ ደርሷል። ያቺ ላም ልጆቼን ያሳደገች ናት። ስትሄድ ዞራ ዞራ ታየኝ ነበር።»

ሃሊማ እንደዚያ ይሆናል ብላ አላሰበችም። ሰፍያን ከዊጆ ያስወጣች እንጂ ላሟን ከበረት ያስወጣች አልመሰላትም ነበር። እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አለችና አወጣችው፤ አረፋውን፣ ስኒዎቹን፣ ባዶውን ውሃ።

ሰፍያ ሰምታ ስትጨርስ ፊቷ ተለዋወጠ። «ድስቱን?»

«ድስቱን።»

«በሳሙና? የሸክላ ድስት?»

«ዘፍዝፌ አሳድሬ።»

ሰፍያ ሳቀች። ሳቋ እንደ መጣ ተሰበረና በእርጥብ እጇ ዓይኗን ሸፈነች። «እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ሌሊት እየተነሳሁ እጄን አሸት ነበር» አለች። «ምናልባት እውነት ይሆን እንዴ ብዬ። ምናልባት ሳላውቅ እጄ ላይ ቀርቶ ይሆን ብዬ ራሴን ተጠራጠርኩ። አንቺ ስትናገሪ እርግጠኛ ነበርሽ።»

ይሄኛው ከላሟም ይብስ ነበር። ሃሊማ የሰፍያን ጉልበት ያዘች። «አፉ በይኝ። አፉ በይኝ፣ እህቴ። ጊደሬን አመጣልሻለሁ፣ ነገውኑ።»

«ለአላህ ብዬ አፉ ብያለሁ። ስለ ጊደሯ ከዒዱ በኋላ እናወራለን።» ሰፍያ አንሶላውን አንስታ እንደገና መጭመቅ ጀመረች። «ግን ሃሊማ፣ የሰደብሽኝ ብቻዬን አልነበረም።»

ሃሊማ ገባት። ቤቷ ተመልሳ ድስቷን ታቅፋ ወጣች። በእቴቴ ሰልሚያ ግቢ የዊጆው ሴቶች ጎመን እየከተፉ ነበር። ሰላምታም ሳታበዛ ድስቱን በንጹሕ ውሃ ሞልታ እሳታቸው ላይ ጣደችው። «ምን ሆነሻል?» አሏት እቴቴ ሰልሚያ። «እዩልኝ ብቻ፣ እቴቴ» አለች።

ውሃው ሞቀ፣ ተንቀሳቀሰ፣ አረፋውን አወጣ። ሴቶቹ ቢላቸውን እንደያዙ ተነሱ።

«ይሄ ነው አምና የሰፍያ ቅቤ ያልኩት» አለች ሃሊማ። «የሰፍያ እጅ ንጹሕ ነበር። ቆሻሻው የኔ ድስት ነው፣ አፌም ጭምር። በሳሙና ሳጥበው ኖሬ እሷን አስወጣሁ። ላሟን ሸጠች።»

እንግዲህ ሃሊማ ስድቡን ጠብቃ አንገቷን ደፍታለች። ስድቡ ግን አልመጣም። ቀና ስትል እቴቴ ሰልሚያ እሷን ሳይሆን የራሳቸውን ድስት እያዩ ነው፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ሃሊማ» አሉ፣ «ሸክላ በሳሙና እጠቡ ያልሽው ለእኛም አይደለም እንዴ?»

ሃሊማ አስታወሰች። አምና፣ ሰፍያ ከወጣች በኋላ፣ በአንድ ለአምስቱ ስብሰባ፣ ጣቷን ቀስራ፣ ለሁሉም!

«እኔ ምራቴን» አሉ እቴቴ ሰልሚያ፣ «ቅቤ ማንጠር አታውቂም፣ እናትሽ ምን አስተማረችሽ ብዬ... ልጅቷ ተቀይማ አገሯ ሄደች። እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ሱብሃነላህ!»

የከድሮ ሚስት ቢላዋዋን ጣለች። «እኔስ! ክትፎው ሽቶ ሽቶ ሲለኝ፣ ይሄ ሰውዬ እጁ የት ነበር ብዬ ከድሮን አንድ ወር ሳሎን አስተኛሁት! ያ ምስኪን ‹ልብስ እየሰፋሁ ነበር› ሲለኝ፣ ‹ለማናት የምትሰፋው› እያልኩ!»

አንዷ ሳቀችና ወዲያው አፏን ያዘች፤ ሳሙና ሸጥሽልኝ ብላ የተጣላቻት ቅቤ ሻጭ ትዝ አለቻት መሰለኝ። እየሮጡ ድስቶቻቸውን አመጡ፤ ውሃ ሞሉ፤ በየተራ ጣዱ። አንዱ ድስት ብዙ፣ ሌላው ጥቂት፣ ሁሉም አረፋ አወጣ። ዒዱ ደጅ ላይ ቆሟል፤ በዚያ ሁሉ ሰፈር ቅቤ የሚነጠርበት አንድ ድስት ጠፋ።

«አንድ አለ» አለች ሃሊማ። «ሰፍያን እኔ አልመከርኳትም። ከእኛ አስወጥተናት አልነበር? ሳሙናዋም ለሰው አንሶላ እንጂ ለድስት አይተርፋትም።»

«ትምጣ ማለት ነውር ነው» አሉ እቴቴ ሰልሚያ ነጠላቸውን እያነሱ። «እኛ ነን የምንሄደው። ያንን የሳሙና ቅቤሽን ደግሞ ለፀጉር አስቀምጪው፤ ቢያንስ ቀብቶ ያጥበናል።»

ሴቶቹ በየቤታቸው የቀረቻቸውን ቅቤ በቅጠል ይዘው ወደ ወንዙ ወረዱ። ሰፍያ ከግቢዋ በር ላይ ሲደርሱ አየቻቸው፤ ከኋላ የምትመጣውን ሃሊማንም አየች። እቴቴ ሰልሚያ በዚያ ዕድሜያቸው ዝቅ ብለው ጉልበቷን ሊነኩ ሲሉ ቀድማ ያዘቻቸው። ብዙ አልተናገረችም። ገብታ ጥላሸት የለበሰውን፣ ወይራ ወይራ የሚለውን ድስቷን አወጣችና ጣደችው።

ቅቤው ገባ፣ ቀለጠ፣ አረፋ አነሳ። ሴቶቹ ወደ ድስቱ አጎነበሱ። አረፋው ትንሽ ቆየ፣ ከዳር ከዳር እየሳሳ ሄደ፣ ከዚያ ተኛ። ቅቤው ወለል ብሎ ጠራ።

ሰፍያ በጭልፋ ቀዳች፤ በትንፋሿ አቀዘቀዘችና ለሃሊማ ዘረጋችላት። «ቅመሺ። ሳሙና ካለው ዛሬውኑ ተናገሪ።»

ሃሊማ ቀመሰች። «ምንም የለውም» አለች በሹክሹክታ።

«አልተሰማም» አለች ሰፍያ። «አምና መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር።»

ሃሊማ ወደ ሴቶቹ ዞረች። እንባዋን ሳትጠርግ፣ የወንዝ ማዶ ሰዎች ቀና ብለው እስኪያዩ ድረስ ጮኸች፦ «የሰፍያ ቅቤ ንጹሕ ነው! አምናም ንጹሕ ነበር!»

ሰፍያ ጭልፋውን ተቀበለቻትና ኮረሪማውን እንድታቀብላት እጇን ዘረጋች።